የአባቴ የጃፓን ጎተራ

አባቴ አለበል ጃፓን ድረስ ሄዶ ይዞት የተመለሰው ነገር የተቋጠረ ገመድ ነው። ሌላው ሰው ከውጭ አገር ሬዲዮ ያመጣል፣ የእጅ ሰዓት ያመጣል። የእኛው ግን ሻንጣውን ሲከፍት ከላይ ገመድ፣ ከታች ያልጨረሰው ቆሎ ወጣ። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ አሁን አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የማለቅሰው እኔ የብርጓል ነበርኩ፤ ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከእኔ የሠርግ ገብስ ነውና።

በመጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቅ። አባቴ የሮብ ገበያ ሰው ነው፤ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ቀርከሃ ከሚበቅልበት ብርድ አገር። ገበሬ ነው፣ ስሙ የወጣው ግን በቤት ክዳን ነበር። "አለበል ከከደነው ቤት እንኳን ዝናብ ሊገባ፣ ጭሱም አስፈቅዶ ነው የሚወጣ" ይሉት ነበር። ቀርከሃ ሲሰነጥቅና ሣር ሲደረድር እጁ አይሳሳትም። ክፋቱ፣ አፉም አይሳሳትም። "ተሳስቻለሁ" ሲል የሰማው ሰው በአገሩ አልነበረም። የከደነው ቤት ካፈሰሰ ጥፋቱ የዝናቡ ነው። ሌላም ጉድለት ነበረበት፤ እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

እናቴ ሥራነሽ ደግሞ ጥቂት የምትናገር፣ ብዙ የምታይ ሴት ናት። አባቴን "አንተ" ነው የምትለው። "እርስዎ" ያለችው ቀን ተቆጥታለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ልጆቹ ከብቶቹን እናያለን ብለን ከቤት እንወጣለን።

በ1961 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ልዳር ነበር። እጮኛዬ ድረስ ይባላል፤ የአቶ አስማማው ልጅ ነው። ድረስን እወደው ነበር። በዚያ ዘመን ልጃገረድ እንዲህ ብላ አትናገርም፤ ዛሬ አርጅቻለሁና ማን ይከለክለኛል? ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ለጠላው ብቅል ልታበቅል ጎተራውን ከፈተች። ከላይ ያለው ገብስ ገብስ ነው። እጇን እስከ ክርኗ ስታስገባ ገለባ ሆነ። እስከ ብብቷ ስታስገባ አንድ አይጥ በእጅጌዋ ገብቶ በአንገትጌዋ ዘሎ ወጣ። እናቴ አልጮኸችም። ዞር ብላ አባቴን "እርስዎ፣ እስቲ ይምጡና ይዩ" አለችው።

ያለ ጠላ ሠርግ የለም፤ ሠርጉ ለከርሞ ተላለፈ። አቶ አስማማው ሽማግሌ ልከው ቁርጡን ነገሩን። "ዘንድሮን ታግሠናል። የመጪው ዓመት ዳግማይ ትንሣኤ ድግሱ ካልተደገሰ ግን ለልጄ ሌላ ቤት አጭለታለሁ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲናገሩ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይጥ ሳይ እንደ ጣውንት እጠላት ጀመር።

በአይጦቹ ላይ ያልሞከርነው ነገር አልነበረም። ጎተራችን እንደ ሰው ሁሉ ጎተራ በቀርከሃ ተሠርቶ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ለአይጥ ደረጃ ነው። ድመት ተዋስን። ድመቷ አንድ ሰሞን ሠራች፣ ከዚያ ወፈረች፣ ከዚያ ጎተራው ሥር ተጋድማ አይጦቹ በአጠገቧ ሲያልፉ በአንድ ዓይኗ ታይ ጀመር። አባቴ ወጥመድ ሠራ፤ ወጥመዱ የእናቴን አውራ ዶሮ ያዘ። ጠበል አስረጨን። አባቴ በመጨረሻ "የኛ አይጥ ባለ ርስት ነው፤ ማን ይነቅለዋል?" ብሎ ተወው።

በዚያው ክረምት መግቢያ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ጃፓን አገር በሚደረግ አንድ ትርኢት ላይ የየአገሩ የሣር ቤት ይሠራልና ጥሩ ቤት ከዳኝ ይላክ ይላል። አገሩ ሁሉ "አለበል" አለ። አቶ አስማማው ብቻ "የራሱን ጎተራ ያልጠበቀ ሰው የመንግሥትን ስም ሊጠብቅ ነው" አሉ። እናቴ በሶና ቆሎ ቋጥራ ሰጠችውና "ገብሱ ሳይታጨድ ተመለስ" አለችው።

አስተርጓሚ ሆኖ አብሮት የሄደው አብዱልቃኒ የሚባል የደብረ ማርቆስ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሮ እንግሊዝኛ የሚያውቅ። ጃፓን የሆነውን የምተርከው ግማሹን ከአባቴ፣ ግማሹን ከእሱ ሰምቼ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ አብዱልቃኒን አምናለሁ። ለምሳሌ አባቴ በመንገዱ ሁሉ እንዳልፈራ ይናገራል። አብዱልቃኒ ግን ከደጀን ወርደው አባይ በረሃ ሲገቡ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊት ሲደግም ነበር ይላል። አውሮፕላን ላይ አልፈራም ያለው እውነት ነው። "ገደሉ አይታይማ" አለ አሉ።

ቤቱን በሦስት ሳምንት ከድኖ ጨረሰ። ፍልሰታ ስለያዘው በሩዝና በበሶ ነው የሠራው። ጃፓኖቹ ሥራውን ወደውለት አገራቸውን ያስጎበኙት ጀመር። ፋብሪካ አሳዩት፣ እንደ ጥይት የሚሮጥ ባቡር ላይ አሳፈሩት። ከባቡሩ ሲወርድ "እንዴት ነው?" ቢሉት "ጥሩ ነው፤ ግን አገሩን ሳላየው አለቀ" አለ። በመጨረሻው ሰሞን ወደ አንድ የጥንት ሰፈር ወሰዱት። ሊቃውንት መሬት ቆፍረው፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች የኖሩበትን ሥፍራ አግኝተው፣ ቤታቸውን በምልክቱ ላይ እንደገና የሠሩበት ሜዳ ነው። አብዱልቃኒ አኮረፈ። "ጃፓን ድረስ መጥተን የሣር ቤት እንይ?" አለ። አባቴ ግን ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ፊቱ በራ።

ሜዳው ላይ ክዳናቸው መሬት ሊነካ የደረሰ የሣር ቤቶች ቆመዋል፤ ከአንደኛው ክዳን ውስጥ ጭስ ይወጣል። አስጎብኚው ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ቀጭን ሽማግሌ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አባቴም የጨዋ ልጅ ነውና ከእሱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ሽማግሌው ይበልጥ ዝቅ አለ፤ አባቴም ይበልጥ ዝቅ አለ። አብዱልቃኒ መካከላቸው ባይገባ ሁለቱም እስኪመሽ ቀና አይሉም ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው በእጁ ጭስ ወደሚወጣበት ቤት አመለከተና ግቡ አለ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና "ቤቶች!" ብሎ ተጣራ።

"አያ አለበል፣ ሰው የለበትም እኮ፤ ይግቡ" አለ አብዱልቃኒ።

"እሳት ይነድዳል፤ እንዴት ሰው የለበትም?"

"ለመታያ የተሠራ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ከሞቱ ሁለት ሺህ ዓመታቸው ነው።"

"ታዲያ እሳቱን ማን አነደደው? ባለቤቱ በሌለበት፣ እሳት በሚነድበት ቤት ዘው ብዬ የምገባ እኔ ሌባ ነኝ?" አለና እንደገና "ቤቶች!" አለ።

ከኋላ ሌሎች ጎብኚዎች ተሰልፈዋል። ሕፃናት አሉ፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ አሮጊቶች አሉ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ በሩን ዘግቶ ቆሟል፤ ማንም አያልፍም። አብዱልቃኒ በሃፍረት ላብ እያጠመቀው ነገሩን ለአስጎብኚው አስረዳ። ሽማግሌው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ በአባቴ ጎን ሾልኮ ገባና ከጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ጮክ ብሎ ተናገረ።

"ምን አለ?" አለ አባቴ።

"ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ ነው ይላል።"

"ይኸው! ሰው አለበት ብዬህ ነበር" ብሎ አባቴ ጫማውን አውልቆ ገባ። አብዱልቃኒ እንደሚለው፣ ከኋላ ያሉት ጃፓኖችም አንድ በአንድ ደጃፉ ላይ እየቆሙ "ቤቶ! ቤቶ!" እያሉ ገቡ።

ውስጡ መሬቱ ተቆፍሮ ዝቅ ያለ ነው፣ መካከሉ ላይ እሳት አለ። እሳቱ የሚነደው ክዳኑን ነቀዝ እንዳይበላው እንደሆነ አስጎብኚው ሲናገር አባቴ "እሱንማ የኛ ሕፃን ያውቀዋል" አለ። ከክዳኑ አንድ ሰበዝ መዞ በጥርሱ ቀጠፈና "የሦስት ክረምት ሣር ነው፤ ጉልላቱ ላይ ስስ አድርገውታል፣ በአምስተኛው ያፈስሳል" አለ። አብዱልቃኒ ሲተረጉም ሽማግሌው ዓይኑ ፈጠጠ። ቤቱ በእርግጥ የተከደነው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ ደብተር አውጥቶ አባቴ የሚለውን ሁሉ ይጽፍ ጀመር።

የእኔን ዕድል የወሰነው ነገር ግን ከዚህ ቤት ጀርባ ነበር። ጎተራ ነው። በስድስት ረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ የቆመ የጥንት ጎተራ፤ በየእግሩ ጫፍ፣ ከወለሉ ሥር፣ እንደ ሰፌድ የሰፋ ክብ ሳንቃ ገብቶበታል። አባቴ ሳንቃውን አየ። ስለ ምንነቱ ማንንም አልጠየቀም። መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

አብዱልቃኒ ፀሐይ የመታው መስሎት ሮጦ መጣ። አባቴ ግን ጣቱን ቀስሮ "አይጡ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፣ እዚህ ሲደርስ ጣራ ነው! ወዴት ይሄዳል? ይወድቃል!" ይላል። አስጎብኚው ምንም ሳይተረጎምለት ገባውና እጁን እንደ አይጥ አድርጎ በጎተራው እግር ላይ አወጣው፣ ከሳንቃው ሲደርስም ጣለው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስኪያነቡ ሳቁ።

አባቴ ሻንጣው የታሰረበትን ገመድ ፈታና መለካት ጀመረ። የእግሩን ቁመት ለካ፣ ቋጠረ። የሳንቃውን ስፋት ለካ፣ ቋጠረ። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የተሠራ መሰላል በጎተራው ደፍ ላይ በሽቦ ታስሮ ቆሟል፤ እሱንም ከነደረጃው ለካ፣ ቋጠረ፤ በሽቦ መታሰሩንም ልብ አለ። ሽማግሌው ወደ መሰላሉ እያመለከተ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አለ አባቴ።

"ስለ መሰላሉ ነው፣ ጥሩ መሰላል ነው ይላል። በሉ እንሂድ፣ ምሳ አልፎናል" አለ አብዱልቃኒ።

አባቴ መስከረም ላይ ተመለሰ። አገሩ ሁሉ ስለ ባቡሩና ስለ ፎቁ ሊሰማ ተሰብስቦ ነበር፤ እሱ ስለ ጎተራ እግር አውርቶ አባረራቸው። ጥቅምትን ሙሉ ቀርከሃ ሲቆርጥና ግንድ ሲጠርብ ከረመ። ለክቦቹ ሰፊ ሳንቃ ያስፈልጋል፤ በእኛ ደጋ ሰፊ ሳንቃ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ከወንዝ ውኃ ቀድተን ስንመለስ ቤታችን በር የለውም። ከዲማ በኩል በስንት መከራ የመጣውን የዋንዛ በራችንን ነቅሎ ክብ ክብ አድርጎ ቆርጦታል።

"በሩን ለጎተራው ጫማ አደረጉት?" አለች እናቴ።

"በር ለሌባ ነው፤ የኛ ሌባ ደግሞ በበር አይገባም" አለ። በዚያ የጮቄ ውርጭ የከብት ቆዳ ሰቅለን ከረምን።

ጎተራው ሲቆም ሰው ከየመንደሩ ሊያየው ይመጣ ነበር። አቶ አስማማውም በበቅሎ መጥተው ዙሪያውን ዞሩት። "ጎተራው ጫማ ያደረገው ወዴት ሊሄድ ነው?" ብለው ሳቁ። አባቴ በሥራው ተማምኗል። ከገመዱ ቋጠሮ አንዲት ጣት ሳያጎድል ሠርቶታል፤ መሰላሉንም እዚያ እንዳየው በሽቦ አጥብቆ አስሮታል። በኅዳር የሠርጉ ገብስ ገባ፤ እኔም በየቀኑ ጎተራውን እያየሁ ጸለይኩ።

በጥር ከጎተራው ሥር ገለባ ታየ።

አባቴ አላመነም። ክቦቹን አሰፋቸው። ቀጥሎ የኑግ ዘይት ቀባቸው፤ አይጦቹ ሊልሱት እንደሆነ እንጃ፣ ገለባው በረከተ። "የጃፓን አይጥ አጭር ይሆናል" አለ። ጥፋቱ የአይጡ ነበር እንጂ የእሱ አልነበረም። በገበያ "አለበል ጃፓን ሄዶ ለአይጥ ፎቅ ሠራ" ማለት ጀመሩ። ድረስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ፤ ያን ቀን ተስፋዬ ተቆረጠ።

አሁን ወደ ሁለተኛው የአባቴ ጉድለት እንምጣ። አባቴ እጁ ሰፊ ነው። ወዳጅ ከመጣ፣ ጠላ ቤት ከተቀመጡ፣ አንድ ቁና ገብስ ከጎተራ ቀድቶ ይሄዳል፤ ቀዳሁም አይልም። እናቴ ይህን ታውቃለች። ባለ አራት እግሩን አይጥ መያዝ ቢያቅታት ባለ ሁለት እግሩን ልትይዝ ቆርጣ፣ አንድ ማለዳ ወገግ ሲል ከማጀቱ ግድግዳ ሥር ቁጭ አለች። ባለ ሁለት እግሩ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። በመሰላሉ ላይ ግን አንዲት ወፍራም አይጥ፣ ቅኔ ማኅሌት እንደሚገባ ደብተራ ረጋ ብላ፣ ደረጃ በደረጃ ስትወጣ አየች። ከላይ ደርሳ ገባች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ወጣች።

እናቴ ማጭዷን አመጣች። ሽቦውን ጠምዝዛ ፈታች፣ መሰላሉን አነሣችና መሬት ላይ ጣለችው። አባቴ በመሰላሉ ድምፅ ተነሥቶ ወጣ።

"ምን ሆንሽ? በልኩ ነው የሠራሁት! ጃፓንም የታሰረ ነበር! የሁለት ሺህ ዓመት ሥራ ነው!"

"እንግዲያው ሁለት ሺህ ዓመት አይጥ ሲበላው ኖሯላ" አለች እናቴ። "ለመሆኑ ያየኸው ጎተራ እህል ነበረበት?"

"ባዶ ነው፤ ለመታያ ነው" አለ አባቴ።

"ባዶ ጎተራ ምን አይጥ አለው? መሰላሉ የታሰረው ላንተ ነው፤ ለእንግዳው። ባለ እህሎቹ ሲኖሩበት እህላቸውን አውርደው መሰላሉን ሳያነሡት ይቀራሉ?"

አባቴ "እስቲ እናያለን" ብሎ ገባ። የሚለው ሲያጣ የሚለው እሱን ነው። እናቴ በዚያው ቀን እኔን አስከትላ ጎተራውን አራገፈች፤ ውስጥ የቀሩትን ስድስት አይጦች አንድ በአንድ ለቅማ ጣለች፤ ገብሱን መልሳ ከተተች። ከሩቡ ጥቂት በላይ ጎድሏል፤ የቀረው ይበቃል። መሰላሉን ቤት አስገብታ ከመደቧ ጎን አቆመችው። ከዚያ ቀን በኋላ አይጦቹ እስከ ክቡ ይወጣሉ፣ ጣራ ይመታሉ፣ ይወድቃሉ። ድመቷም ከታች ሆና አፏን ከፍታ መጠበቅ ተማረች።

ዳግማይ ትንሣኤ መጣ፤ ብቅሉ በቀለ፣ ጠላው ተጠመቀ። በሠርጌ ቀን አብዱልቃኒ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ለእሱና ለጓደኞቹ አሊ የሚባል የሮብ ገበያ ነጋዴ በግ አርዶላቸው፣ በዳሱ አንድ ጫፍ ተቀምጠው ይበላሉ። አብዱልቃኒ ወደ ጎተራው አየና "አያ አለበል፣ መሰላሉስ?" አለ።

የመሰላሉን ነገር ከእሱ በቀር የማያውቅ አልነበረምና አንዱ የሆነውን ሁሉ አጫወተው።

አብዱልቃኒ ትንሽ ቀላ። "እውነቱን ልናገር፤ ያ ሽማግሌ አንድ ነገር ብሎ ነበር። መሰላሉ የታሰረው ለጎብኚ ነው፣ ድሮ ግን ይነሣ ነበር ብሎ ነበር። እርቦኝ ነበርና አልተረጎምኩትም" አለ።

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አቶ አስማማው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። እኔም በሻሼ ሥር ሆኜ አየዋለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረው ነገር በሰፌድ ቀርቦለታል፤ ጥፋተኛው ራሱ ተነሥቶ ጥፋቴ ነው ብሏል። እስከዚያ ቀን ጥፋቱ የዝናቡ ነው፣ የአይጡ ነው፣ የጃፓን ነው ያለውን ሁሉ አሰብኩት።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ።

"የልጁ ጥፋት አይደለም" አለ። "ቢተረጉምልኝም አልሰማውም ነበር፤ ክቡን ካየሁ በኋላ ጆሮ አልነበረኝም። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። ጃፓን የሄድኩ እኔ፣ ያየችው ግን ሥራነሽ ናት።"

እኔ አለቀስኩ። ሰው ሙሽራ ስለሆነች ነው አለ፤ አይደለም፣ አባቴን ስለወደድኩት ነው። እናቴ እንስራ ተሸክማ በዳሱ መካከል ቆማ ቀረች። ከዚያ "ይቀመጡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል" አለችው። ያለ ቁጣ "እርስዎ" ስትለው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

መሰላሉ ግን ከመደቧ ጎን እንደቆመ ቀረ። እኔ ባል ቤት ከገባሁ በኋላም ሊጠይቋቸው ስሄድ እዚያው አየዋለሁ። አባቴ ወዳጅ መጥቶበት አንድ ቁና ገብስ ካሰኘው ከእናቴ መሰላሉን መለመን አለበት። ስለዚህ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ የከብት ቆዳው በተሰቀለበት በር፣ ቁናውን በብብቱ ሸጉጦ ይቆምና ጉሮሮውን ጠርጎ "ቤቶች!" ይላል። እናቴም ማን እንደሆነ እያወቀች ከውስጥ "ማን ልበል?" ትላለች።